እናቴ የጸለየችለት ፓምፕ

እናቴ ለአንድ የአየር ፓምፕ ሁለት ዓመት ያህል ጸልያለች። ፓምፑን እሷም አላየችው፣ እኔም አላየሁት። ወንድሜ ለትምህርት በሄደበት የሶሻሊስት አገር፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት የተተከለ የማሽን አካል ነበር፤ እንደ ወንድሜ አባባል ሳይበላሽ የሰነበተበት ሳምንት የለም። እኛ ያለነው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ጸሎቱ በየቤቱ ስለተበተነ ቅዳሜ ከሰዓት አራት አምስት ሴቶች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። መስኮቱን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መጀመሪያ ለታመመ፣ ቀጥሎ ለታሰረ፣ ከዚያ ለዘመተ ይጸልያሉ። መጨረሻ ላይ እናቴ ተራዋን ትወስድና በአፋን ኦሮሞ፣ «ዋቀዮ፣ ያ የልጄ አየር መምጠጫ ዛሬም ያፈሳል፤ አንተ ድፈነው» ትላለች። ሴቶቹም አሜን ይላሉ። አንዲቷም ምንድን ነው ብላ ጠይቃ አታውቅም።

እኔ ግልፍተኛ ነኝና መጀመሪያ ላይ ነገሩ ያናድደኝ ነበር። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። አንድ ቅዳሜ፣ ፓምፕ በጸሎት አይጠገንም፣ ጎማውን መቀየር ነው ብዬ በሴቶቹ ፊት ተናገርኩ። እናቴ ምንም ሳይመስላት፣ ታዲያ ጎማውን የሚቀይረውን ሰው እጅ ማን ያቅናለት ብላ መለሰችልኝ። ሴቶቹ ሳቁብኝ።

ደብዳቤዎቹን የማነበው እኔ ነኝ። ወንድሜ የሚጽፈው በአማርኛ ነው፤ ሁለታችንም መጻፍ የተማርነው በሱ ነዋ። እናቴ ደግሞ ከገበያ አማርኛ አታልፍም። ስለዚህ ዓይኔን አማርኛው ላይ እተክልና አፌ አፋን ኦሮሞ ያወራል። ከልጅነቴ ጀምሮ የቀበሌውንም የፍርድ ቤቱንም ወረቀት እንዲሁ ስላነበብኩላት ሳልደናቀፍ እሄዳለሁ። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማለች፤ ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ትቀበልና አጥፋ ትራሷ ሥር ታስገባዋለች። ፊደል ቆጣሪ ባትሆንም ወረቀቱ የሷ ነው።

ወንድሜ ያጠና የነበረው ውኃን ነው። እንዴት እንደጀመረ አውቃለሁ። ልጆች ሳለን ከምንጩ ውኃ ቀድተን ስንመለስ፣ መንገዱ ዳር ያለው የጎደሬ ቅጠል ላይ ጠብ ያደርግና የውኃውን ጠብታ ያንከባልለው ነበር። ሁለት ጠብታዎች ሲገናኙ ድንገት አንድ ይሆናሉ። ምን ይዟቸው ነው ይለኛል። እኔ እንስራው ከብዶኛል፣ ምን አገባኝ እለዋለሁ። እሱ ግን ያቺን ጥያቄ ይዞ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ድረስ ሄደ።

ሥራውን በደብዳቤ ሲያስረዳኝ እኔም ለእናቴ ማስረዳት ነበረብኝ። የውኃ እንፋሎት ከመርፌ ቀዳዳ በጠበበች ሽንቁር ወደ ባዶ የብረት ጋን ይገባል። ባዶ ማለት አየር እንኳ የሌለበት ነው፤ ፓምፑ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እንፋሎቱ ሲገባ ድንገት ስለሚበርድ ከውኃው ቅንጣቶች ጥቂቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ሁለት ሆነው፣ ሦስት ሆነው፣ አራት ሆነው ይበራሉ። በዚህ ጊዜ ዓይን የማያየው ብርሃን ይለቀቅባቸዋል። ብርሃኑ ከያንዳንዱ ቅንጣት ኤሌክትሮን ነቅሎ ያወጣል። የወጣው ኤሌክትሮን ምን ያህል እንደሚፈጥን ይለካና ከብርሃኑ ጉልበት ላይ ይቀነሳል፤ በዚህም ውኃው ያችን ኤሌክትሮን ምን ያህል አጥብቆ ይዟት እንደነበር ይታወቃል። ወንድሜ የሚፈልገው ልዩነቱን ነው። ብቻውን ያለ ውኃ አጥብቆ ይይዛል፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ባነሰ ጉልበት ይለቃሉ፤ ሲበዙ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ችግሩ፣ ጥንዶቹ ጥቂት ስለሆኑ ምልክታቸው በብቸኞቹ ምልክት ይዋጣል። ለይቶ ለማየት ቀናት ሙሉ መቁጠር ያስፈልጋል፤ መሃል ላይ ፓምፑ ካፈሰ ሁሉም ከንቱ ነው።

ኤሌክትሮንን በአፋን ኦሮሞ ምን ልበላት? እናት ያዘለችው ልጅ አልኩ። እናቴ አሰብ አደረገችና እንዲህ አለች፤

«ገበያ መሃል ብቻዋን የቆመች ሴት ልጇን አጥብቃ ነው የምትይዘው። ከጎረቤቶቿ ጋር ስትቀመጥ ግን ከጉልበቷ ወርዶ ሲሄድ ዝም ትላለች። ልጄ በረዶ ውስጥ የገባው ይህን ለማወቅ ነው?»

ይህንኑ ጻፍኩለት። ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ በአማርኛ ጽፎ እንደለጠፈውና ፕሮፌሰሩ አስተርጉሞ አንድ ቀን ሙሉ ሲስቅ እንደዋለ መለሰልኝ። ለእናቴ ይህ ትልቅ ሹመት ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ገብቷታል፦ ወንድሜ ሁለቱን ውኃ ካንዱ ለይቶ ካሳየ ይመረቃል፣ ከተመረቀ ይመጣል። ስለዚህ ፓምፑ በተበላሸ ቁጥር የልጇ መምጫ ይርቃል።

በሦስተኛው ዓመት እኔ ወደ አንገር ጉቲን ተዛወርኩ። ለሰፋሪዎች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፍቶ አስተማሪ ተፈልጎ ነበር፤ ጠይቀውኝ አይደለም፣ ስሜ ዝርዝሩ ላይ ወጣ። ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ መንገዱ ወገብ ይሰብራል። ቅዳሜ ጠዋት በመንግሥት እርሻው የጭነት መኪና ወደ ነቀምቴ እወጣለሁ፣ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ደብዳቤያችን የሚመጣው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ሱቅ ባለው የአባታችን ወዳጅ የፖስታ ሣጥን ነበር። ጋሼ ነው የምለው፤ ገና በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ወለጋ ያረጀ ሰው ነው፣ ኦሮምኛውን ከኔ አስበልጦ ይናገራል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ለኛ ቤት የሚመጣ ነገር ሁሉ በሱ በኩል ያልፋል።

አንድ የየካቲት ቅዳሜ ከመኪናው ወርጄ ወደ ሱቁ ጎራ ስል ጋሼ ፖስታውን ወዲያው አልሰጠኝም። ወንበር አመጣልኝ። በፖስታው ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የወንድሜ አልነበረም።

የጻፈው አብሮት አንድ ክፍል የሚኖር የጎጃም ልጅ ነው። ወንድሜ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ በዘጠነኛው ቀን አረፈ። የቀበርነው እኛ ኢትዮጵያውያኑ ነን፣ መሬቱ በረዶ ሆኖ በማሽን ነው የተቆፈረው ይላል። እኅቴ ሆይ፣ ለእናታችሁ በወጉ ሽማግሌ ሰብስበሽ መርዶውን አስነግሪ፣ ብቻሽን እንዳትነግሪያት ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጋሼ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ፊቴን አይቶ አውቆታል። ሞተ አልኩት።

ጋሼ ወጉን ያውቃል። ነገ ጎሕ ሲቀድ ጎረቤቱን ይዤ እመጣለሁ አለ። መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ባለበት። እኔ ግን እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እናቴ ደም ግፊቷ ተነሥቶባት ከሆስፒታል ከወጣች ገና አሥረኛ ቀኗ ነበር፣ ሐኪሙም አታስደንግጧት ብሎናል። ሁለት ሳምንት ብቻ፣ ትጠንክርልኝ አልኩት። ጋሼ ደስ ሳይለው እሺ አለ። እስከዚያ ሆዴ ይፍጀው ብዬ ወጣሁ፣ እንባዬንም መንገድ ላይ ዋጥኩት።

ቤት ስገባ እናቴ መድኃኒቷን ውጣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ደብዳቤ እንደመጣ የሱቁ ሠራተኛ ነግሯታል። ቶሎ በይ አንብቢልኝ አለች፤ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ያልታሰበ ነገር ነበር። ፖስታውን ጥዬው ብመጣ ምን ነበረበት? ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁት።

ዓይኔ «አረፈ» የሚለው ላይ ነው፤ አፌ ደህና ነው ይላል። ዓይኔ በረዶውን፣ ማሽኑን፣ ጉድጓዱን ያያል፤ አፌ በአፋን ኦሮሞ፣ አዮ፣ እናቴ፣ እንዴት ነሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ እኔ ሥራዬ ሰምሮልኛል፣ ማሽኑ በደንብ እየሠራ ነው፣ ፓምፑም ደህና ነው ይላል። አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፍኩም። ዕድሜ ልኬን የተለማመድኩት ሥራ ለዚህ ዋለ። ስጨርስ እናቴ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። ልከለክላት አልቻልኩም፤ የልጇን መርዶ አጣጥፋ ትራሷ ሥር አስገባችው።

ሁለቱ ሳምንት አለፈ። ጋሼን ገና ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ማንሣት ተወ፤ እኔም ተገላገልኩ መስሎኝ ለምን እንደተወ አልጠየቅኩም። ደብዳቤ እንዳይቋረጥባት ደግሞ መጻፍ ጀመርኩ። አንገር ጉቲን፣ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ፣ ሙቀቱ እየጋገረኝ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተቀምጬ የወንድሜን ደብዳቤ እጽፋለሁ። ለማታነብ ሴት መጻፉ ምን ያስፈልግ ነበር? ባዶ ወረቀት ይዤ ባወራ በቂ ነበር። ግን እሷ ወረቀቱን ትወስደዋለች፣ ወረቀቱም ባዶ መሆን የለበትም። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ መጻፉን ወደድኩት። ስጽፍ ወንድሜ ይሠራል። ሁለቱ ውኃዎች ከአንዱ ተለይተው ታዩ ብዬ ጻፍኩ። ፕሮፌሰሩ እጁን ጨበጠው ብዬ ጻፍኩ። እሱ ያላገኘውን ሁሉ ሰጠሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ሰሞን ሁለቱንም ነበርኩ።

እናቴ ሰምታ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች፤ ተጨማሪ አትጠይቅም። ድሮ እያንዳንዱን ነገር መልሼ እንዳነብላት የምታደርገኝ ሴት፣ አሁን ወረቀቱን ተቀብላ ትነሣለች። የመድኃኒቱ ድካም ነው ብዬ አሰብኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ለታመመ፣ ለታሰረ፣ ለዘመተ ይጸልያሉ፣ ከዚያ አሜን ብለው ይነሣሉ። ፓምፑ ተረሳ። አንድ ቀን ራሴ አስታወስኳት፤ ደህና ነው አላልሽም እንዴ ብላ መለሰችልኝ። ተናደድኩ እንጂ አልገባኝም። ሴቶቹ ሲሰናበቱኝ ሦስት ጊዜ የሚስሙኝ አምስት ስድስት ጊዜ ይስሙኛል፤ አንዷ እጄን ይዛ አልለቅ ብላኝ ነበር። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ ጓሮ አጥሩ ላይ በጥቁር የተነከረ ነጠላ ተሰጥቶ አየሁ። የማን ነው ስላት የጎረቤት ነው አለች። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ማየትና መመዝገብ አስተምራለሁ።

ሰኔ ላይ፣ የትምህርት ቤቱ መዝጊያ ሲደርስ፣ የመጨረሻውን ጻፍኩ። ተመርቄያለሁ፣ ከክረምቱ በኋላ እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። መስከረም ሲመጣ ምን ልላት ነበር? ምንም አላሰብኩም። ስጽፈው ግን ሻንጣውን ይዞ በአውቶቡስ መናኸሪያው በኩል ሲመጣ አየሁት፤ ምን ልቀቅልለት፣ የት አልጋ ላንጥፍለት ብዬ ተጨነቅኩ። ያን ቅዳሜ ሳነብላት ድምፄ ደስ ብሎት ነበር። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ወረቀቱን አልወሰደችም መጀመሪያ፤ ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ተቀበለችኝና ነጠላዋን ደርባ፣ ጎረቤት ደርሼ መጣሁ ብላ ወጣች። እኔም ደክሞኝ ስለነበር በጊዜ ተኛሁ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ የሰው ኮቴ ቀሰቀሰኝ። ዝናብ እያካፋ ነበር። በሩ ተከፍቶ ጋሼ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል፤ ከኋላው የቅዳሜዎቹ ሴቶች፣ ከነሱ ኋላ ደግሞ የሰፈሩ ሽማግሌዎች። መርዶ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ጋሼ ቃሉን አፈረሰ፣ እናቴን ገደላት ብዬ ተንደርድሬ ልነሣ ስል፣ እናቴ በሰዎቹ መሃል አልፋ ወደ እኔ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጄን ያዘች።

«ኢንተላ ኮ፣» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ «ወንድምሽ ሞቷል።»

አራት ወር የማውቀውን ነገር ያን ጠዋት ሰማሁት። በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ እኔ ያነበብኩትም ለጋሼ የነገርኩትም በአማርኛ ነው፣ በእናቴ ቋንቋ ግን አንድ ጊዜም ብዬው አላውቅም። ከጋሼ ሱቅ ከወጣሁ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አላለቀስኩም ነበር። ከሆዴ የወጣውን ድምፅ አላውቀውም፤ ሴቶቹ ግን የሚያውቁት ይመስል ከየአቅጣጫው ደርሰው ያዙኝ። እናቴ ጆሮዬ ሥር፣ «ብቻሽን ይዘሽው ቆየሽ፤ ብቻውን የሆነ አይለቅም፤ ሰው አመጣሁልሽ» እያለች ትደጋግም ነበር። የወንድሜን ሥራ ከኔ ይልቅ ለካ እሷ ናት የተረዳችው።

ነገሩን በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲቀል ነገረችኝ። ያን የየካቲት ቅዳሜ፣ ፓምፑ ደህና ነው ስላት ነው የነቃችው። የኔ ልጅ ፓምፕ ደህና ሆኖ አያውቅም አለች፤ ደህና ቢሆን እንኳ እሱ ነገ ይበላሻል ብሎ ነበር የሚጽፈው። እኔ በእሑዱ ወደ አንገር ጉቲን ስመለስ፣ ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ከትራሷ ሥር አውጥታ ጋሼ ዘንድ ሄደች። ልዋሽሽ አልችልም አላትና እንድትቀመጥ ለመናት፤ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ በማግስቱ በማለዳ በወጉ አረዷት። ከዚያ ወዲያ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ ጋር ታለቅሳለች፤ ዓርብ ማታ ነጠላውን አጥባ ትደብቅና ቅዳሜ ለኔ ነጭ ለብሳ ትቀመጣለች። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ለኔ እንዳይነግሩኝ ለምናቸዋለች። እኔ ራሴ ልነግራት እስክችል ትጠብቀኝ ነበር። እመጣለሁ ብሎ ጻፈ ባልኳት ቀን ግን ፈራችልኝ። ልጅቷ ራሷ ማመን ጀመረች፣ ልትጠፋብኝ ነው ብላ ሰው ጠራች።

እናቴን አድናለሁ ብዬ አራት ወር ሙሉ በቅዳሜ በቅዳሜ ልጇን እያነሣሁ ስቀብርባት ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት። እሷ ተነሥታ ከአልጋዋ ሥር ሣጥኗን ሳበች። የወንድሜ ደብዳቤዎች በአንድ መሐረብ ታስረዋል፤ የጎጃሙ ልጅ ደብዳቤም አብሯቸው አለ። ከነሱ ጎን በሌላ ጨርቅ የተቋጠረ ቀጭን ነገር ነበር። እኔ የጻፍኳቸው ናቸው፣ ከተማሪ ደብተር ተገንጥለው፣ እጥፋታቸው በሷ እጅ እንደተስተካከለ። አፍሬ፣ ልቅደዳቸው ስጪኝ አልኳት።

አልሰጥም አለች። ቋጠሮውን መልሳ አጠበቀችና፣ እነዚህም ልጄ የጻፈቻቸው ናቸው ብላ ሣጥኑን ዘጋችው።